ጆሮን ሳይደፍኑ መንገድ ማግኘት፦ ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚመሩ ተለባሽ መሣሪያዎች በመሀል አዲስ አበባ ሲመዘኑ

ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር በነጭ በትር የሚሄድ ሰው ምንም ሳይገዛ በድምፅ እየተመራ ነው። የመኪናው ጩኸት በአንድ ጎኑ ይፈስሳል። ረዳቱ «ጀሞ፣ ጀሞ!» ሲል ፌርማታው የት እንዳለ ያውቃል፤ ባቡሩ ከራሱ በላይ ሲያልፍ የድልድዩን አቅጣጫ ይነግረዋል። በትሩ ንጣፉን ሲመታ የሚመለሰው ድምፅ ደግሞ ግድግዳው ያለቀበትንና በር የተከፈተበትን ይለይለታል። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከዚህ ሁሉ ላይ ስንቱን እንደሚቀንስ ነው። ነገሩ ዛሬ ከበፊቱ ይከብዳል፤ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከታገደበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፣ ቀስ ብሎ ሲቀርብም ከጎማው ድምፅ በቀር ብዙ አይሰማም።

ገበያ ላይ ያለው ዕቃ በብዛት ከሁለት ጥያቄ አንዱን ነው የሚመልሰው፦ «የት ነኝ፣ በየት በኩል ልሂድ?» ወይም «ከፊቴ ምን አለ?»። ሁለቱንም እመልሳለሁ የሚለው ዋጋው ላይ ያስታውቃል። «እግሬ ሥር ጉድጓድ አለ ወይ?» የሚለውን ግን ከበትር ጫፍ እኩል አምነው የሚጠይቁት ዕቃ የለም፤ ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ባለበት ከተማ ከዚህ በታች የምናወዳድረው ሁሉ ከበትር ጋር እንጂ በበትር ፈንታ አይደለም።

ጆሮ ላይ የሚደረገው

ምርጫው ከዚህ ቢጀመር ይሻላል፤ መንገድ የሚመራው የስልክ አፕ የሚናገረው በዚህ በኩል ነውና።

በአጥንት የሚያሰማ ሄድፎን ድምፁን በንዝረት አድርጎ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ባለው የጉንጭ አጥንት ያሳልፋል። ቀዳዳው ክፍት ስለሚሆን የመንገዱ ድምፅ እንዳለ ይገባል። በብዛት የሚታወቀው ሾክዝ ነው፣ ቀድሞ አፍተርሾክዝ ይባል የነበረው። ኦፕንሙቭ የሚባለው ሞዴል 29 ግራም ይመዝናል፣ 6 ሰዓት ያህል ይሠራል፣ በዩኤስቢ ሲ ይሞላል፣ የውሃ መከላከያ ደረጃው አይፒ 55 ነው። ኦፕንራን 26 ግራም፣ 8 ሰዓት፣ አይፒ 67 ነው። ወረቀቱ ላይ ኦፕንራን ይበልጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ግን የሚሞሉት በራሳቸው ማግኔት ገመድ ብቻ ነው፣ ያ ገመድ ታክሲ ውስጥ ቢረሳ ሄድፎኑ ሌላ እስኪመጣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። በኋላ የወጡት ዩኤስቢ ሲ ስላላቸው ከመግዛትዎ በፊት ቀዳዳውን በጣትዎ ይዳስሱ። ለክረምት ዝናብ ሁለቱም ይበቃሉ። ችግር የሚመጣው እርጥብ ሆነው ቻርጅ ላይ ሲሰኩ ነው፤ መጀመሪያ በጨርቅ ጠርገው ትንሽ ያቆዩት።

ስለ እነዚህ ሄድፎኖች ሻጩ የማይነግርዎ አለ። ንዝረቱ ቆዳ መንካት አለበት፤ ሻሽ፣ ነጠላ ወይም የሹራብ ኮፍያ መሀል ከገባ ድምፁ ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ሄድፎኑ ከሻሹ ሥር ይደረጋል። የመነጽር እግር፣ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ እና የሄድፎኑ ቀለበት አንድ ቦታ ላይ ይሻማሉ፤ ሦስቱንም የሚያደርግ ሰው ሳይለካ አይግዛ። በጩኸት ውስጥ ደግሞ ይሸነፋል። ሜክሲኮ ታክሲ መያዣው ላይ ድምፁን እስከ ጥግ ቢጨምሩትም ጉንጭዎን ከመኮርኮር በቀር ቃሉ አይለይም፤ እዚያ ቦታ ላይ መመሪያን መጠበቅ ትቶ ለረዳቱ ጥሪ ጆሮ መስጠት ነው። በመጨረሻም አጥንት ድምፅን ወደ ሁለቱም የውስጥ ጆሮዎች ስለሚያደርስ ግራና ቀኝ የመለየት ኃይሉ ከተራ ማዳመጫ ያነሰ ነው። «ወደ ግራ» ለሚል አፕ ይህ ምንም አይደለም። ከአቅጣጫ በሚመጣ ድምፅ ለሚመራ አፕ ግን ዋና ነገር ነው።

ለዚያ የሚሻለው ከጆሮ ወጣ ብሎ የሚንጠለጠል ክፍት ማዳመጫ ወይም በመነጽር እግር ላይ ስፒከር ያለው ነው። ጆሮን አይደፍንም፣ አቅጣጫም በደንብ ይለያል። ጉዳቱ ከጩኸት ጋር ያለው ችግር ይብስበታል። ጆሮ ውስጥ የሚገቡትና የውጭውን ድምፅ በማይክራፎን የሚመልሱት ለቢሮ ጥሩ ናቸው፤ ለመንገድ አንመክራቸውም፣ የበትሩን ማሚቶ ያሳስታሉ፣ ባትሪያቸው ሲያልቅም ጆሮን እንደ ቡሽ ይደፍናሉ።

ገንዘብ ለሌለው፦ ባለ ገመድ ተራ ኢርፎን በአንድ ጆሮ፣ ከትራፊኩ በተቃራኒ በኩል። ይህ እንደ ድህነት መፍትሔ መታየት የለበትም፤ ከብሉቱዝ የሚበልጥበት ነገር አለው። ብሉቱዝ ድምፅ ሳይመጣ ሲቆይ ያንቀላፋል፣ ሲነቃም የመጀመሪያውን ክፍለ ቃል ይውጠዋል። ቶክባክ (የአንድሮይድ ስልክ ስክሪን አንባቢ) «አሥራ አምስት ሜትር» ሲል የሚሰሙት «አምስት ሜትር» ሊሆን ይችላል። ገመድ ይህን አያደርግም።

አንድ የጎን ነገር። ሄድፎን ያደረገን ሰው መንገደኛው «ሙዚቃ እየሰማ ነው፣ አይሰማኝም» ብሎ ስለሚያስብ ከመናገር ይልቅ ክንድ መያዝ ይቀናዋል። «ወንድሜ፣ ቀኝህን ያዝ!» የሚል ድምፅ ደግሞ ከየትኛውም ሴንሰር ይበልጣል። ቀለሙ የማይጮህ፣ ከፀጉር ሥር የሚደበቅ ቢመረጥ ለዚህ ይጠቅማል። ስልኩ ኪስ ውስጥ መቅረቱም ትልቅ ጥቅም ነው፤ በእጅ ተይዞ የሚሄድ ስልክ በፒያሳና በስታዲየም ዙሪያ ብዙ አይቆይም።

«የት ነኝ» የሚለውን የሚመልሱት

እዚህ የሚወዳደሩት ሁለት ዓይነት አሠራሮች ናቸው። አንደኛው በቃል ይናገራል፦ «ከ30 ሜትር በኋላ ወደ ግራ»። በአንድሮይድ ኦስምአንድ የሚባለው አፕ እንዲህ ነው፤ ካርታው ከኦፕንስትሪትማፕ የተወሰደ ነው፣ የኢትዮጵያን ፋይል አንዴ ካወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ከቶክባክም ጋር ይግባባል። ላዛሪሎ በአንድሮይድም በአይፎንም ይገኛል፤ ሲያልፉ በአካባቢው ያሉትን ቦታዎች ስም ይጠራል።

ሁለተኛው አሠራር የድምፅ ምልክት ነው። የሚሄዱበትን ቦታ ሲመርጡ ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣ የሚመስል ምት ጆሮዎ ውስጥ ይጀምራል፤ ፊትዎ በትክክል ወደዚያ ሲዞር ተጨማሪ የደወል ድምፅ ይገባበታል። ይህን ያስተዋወቀው ማይክሮሶፍት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሳውንድስኬፕ ነበር። ኩባንያው በ2023 ሥራውን አቁሞ ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አደረገው፤ ከዚያ ኮድ የተሠራው ቮይስቪስታ ዛሬ በአይፎን ላይ አለ።

ለመሀል አዲስ አበባ ሁለተኛውን እናስቀድማለን፣ ምክንያቱም እዚህ ሰው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይሄድም። «ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ወረድ ብሎ» ነው አድራሻው። ተራ በተራ የሚያዝዝ አፕ ካርታው ላይ ያለው መስመር ትክክል መሆኑን ይሻል፤ የኮሪደር ልማቱ ደግሞ የእግረኛ መንገዱን፣ መሻገሪያውንና መታጠፊያውን በብዙ ቦታ ለውጦታል። የድምፅ ምልክቱ መስመር አያውቅም። እርስዎ አጥሩን ዞረው፣ ቁፋሮውን ሸሽተው ቢሄዱም ምቱ ከመድረሻው አይነቃነቅም።

ግን ኮምፓስ ይፈልጋል። ርካሽ አንድሮይድ ስልኮች ብዙዎቹ የኮምፓስ ሴንሰር የላቸውም፤ ሻጩም አያውቀውም። ሱቅ ውስጥ ሳሉ የኮምፓስ አፕ ከፍተው ቆመው በቦታዎ ይዙሩ፤ ሲዞሩ ዲግሪው ካልተቀየረ ስልኩ የለውም፣ በሶፍትዌርም አይመጣም። ማግኔት ያለው የስልክ ቦርሳም ኮምፓስን ያሳብዳል፤ የቆርቆሮ አጥር አጠገብም እንዲሁ። ቮይስቪስታን ሲጠቀሙ ስልኩን እንደ ትሪ ጠፍጣፋ አድርገው ወደፊት ቢይዙት አቅጣጫውን ከስልኩ ይወስዳል፤ ኪስዎ ውስጥ ከሆነ ግን ከእርምጃዎ አቅጣጫ ስለሚገምት ቆመው ሲዞሩ አያውቅም። ስለዚህ መስቀለኛ ላይ ግራ ከተጋቡ ስልኩን ለአፍታ አውጥተው አቅጣጫ ይዩና መልሰው ይክተቱት። የጭንቅላትን መዞር የሚለዩ አንዳንድ የአፕል ኤርፖዶች ይህን ችግር ያቃልላሉ፣ ጆሮን የሚደፍኑት ካልሆኑ።

ስለ ጂፒኤስ ብዙ ተስፋ አያድርጉ። ክፍት ሰማይ ሥር የስልክ ጂፒኤስ ወደ 5 ሜትር ገደማ ይሳሳታል፤ ይህ የመንገዱን ወዲህና ወዲያ ማዶ ለመለየት እንኳ አጠራጣሪ ነው። ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም የባቡሩ ድልድይ ሰማይን ይከልላል፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ ደግሞ ከ200 ሜትር በላይ የሆነውን የንግድ ባንክ ሕንፃ ጨምሮ ፎቆቹ ሲግናሉን ያንጸባርቁታል፤ እዚያ ቦታዎን ማዶ አድርጎ ቢነግርዎ አይደነቁ። ቸርችል ጎዳና ግን ሰፊና ገላጣ ነው፣ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ዳገት በመሆኑም እግርዎ ራሱ አቅጣጫ ይነግርዎታል፤ አፕ ለመለማመድ ከእሱ ይጀምሩ።

ሌላው ችግር ዝምታ ነው። ካርታው ላይ ብዙ ቦታ በአማርኛ ፊደል ተጽፏል፤ የስልክዎ አንባቢ እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ «ብሔራዊ ቴአትር» ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ያልፋል፣ እርስዎም ቦታ የሌለ ይመስልዎታል። መፍትሔው ሁለት ነው። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ ድምፅ አማርኛ ያነባል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ እንደ ሮቦት ነው፣ ግን ከለመዱት በፍጥነት ያነባል። ካልወደዱት ኦስምአንድ ቅንብር ውስጥ የካርታውን ቋንቋ እንግሊዝኛ ያድርጉት።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን የራስዎን ነጥቦች ማስቀመጥ ነው። ገላጣ ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ቆመው ጂፒኤሱ እስኪረጋ ይጠብቁና ያስቀምጡ። ስሙ አጭር ሆኖ ሥራ ይሥራ፦ «ጥቁር አንበሳ በር፣ ደረጃ በቀኝ» ከ«ሆስፒታል» ይሻላል። ማንቂያውን ከ20 እስከ 25 ሜትር ላይ ያድርጉት፤ 5 ሜትር ላይ ካደረጉት በጂፒኤሱ ስህተት ምክንያት አልፈውት ሊነግርዎ ይችላል። አሥራ አምስት እንዲህ ያሉ ነጥቦች ከማንም ካርታ ይበልጣሉ።

«ከፊቴ ምን አለ» የሚለውን የሚመልሱት

በትር ከወገብ በታች ያለውን ያገኛል። የማያገኘው ከላይ የሚመጣውን ነው፦ የቆመ አይሱዙ ካሶኒ፣ በትሩ ከሥሩ የሚያልፍበት፤ የመኪና ስፖኪዮ፤ ከግንባታ የወጣ ፌሮ፤ የባሕር ዛፍ መወጣጫ፤ የምሰሶ ማሰሪያ ሽቦ፤ የነጋዴ ጥላ ጫፍ። ለእነዚህ ነው በአልትራሶኒክ፣ ማለትም ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ማዕበል፣ የሚሠሩ መሣሪያዎች የመጡት። ልብስ ላይ የሚሰካው ባዝክሊፕና እንደ ሰዓት የሚታሰረው ሱኑ ባንድ በንዝረት ይናገራሉ፤ ዊዎክ የሚባለው ደግሞ የበትሩ እጀታ ላይ ነው የሚገጠመው። ማዕበሉ ድምፅ ነው፣ መልእክቱ ግን በቆዳ ይመጣል፣ እኛም ይህን እንመርጣለን። ጆሮ ሥራ በዝቶበታል።

በአገር ውስጥ ተማሪዎችና ቴክኒሻኖች የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ኤችሲ-ኤስአር04 በሚባለው ርካሽ ሴንሰር ነው። በ40 ኪሎ ኸርዝ ይልካል፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር እስከ 4 ሜትር ይለካል፣ የሚያየው ወደ 15 ዲግሪ የሚጠጋ ሾጣጣ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ያሳስተዋል የሚል ወሬ አለ፤ አያሳስተውም። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት ነው፣ እሱም በአንድ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ብቻ።

የሚያሳስተው አገጣጠሙ ነው። ሴንሰሩ ደረት ላይ፣ ከመሬት 1.25 ሜትር ላይ ቀጥ ብሎ ቢገጠም፣ በ1.5 ሜትር ርቀት የሚያየው ከ1.05 እስከ 1.45 ሜትር ያለውን ከፍታ ነው። ግንባርዎ ግን 1.6 ላይ ነው። ማለትም ካሶኒውን ያገኛል፣ ፌሮውን ያሳልፋል። 15 ዲግሪ ወደ ላይ ቀና ቢደረግ በዚያው ርቀት ከ1.45 እስከ 1.87 ሜትር ያለውን ይሸፍናል። ለማረጋገጥ ሰው 1.5 ሜትር ራቅ ብሎ መጽሐፍ በግንባርዎ ከፍታ ይያዝ፤ ካልጮኸ ከማንገቻው ጀርባ የታጠፈ ካርቶን እያስገቡ ያቃኑት። ቀጭን ሽቦንና የጥላ ጫፍን ሁልጊዜ ያገኛል ብለው አይመኑ፤ የሚመለሰው ማዕበል ትንሽ ነው። ሰያፍ የቆመ ለስላሳ ላሜራም ማዕበሉን ወደ ጎን ይወረውረዋል፣ ወፍራም ጋቢም ይውጠዋል።

የማንቂያው ርቀት በቦታው ይለያይ። ገላጣ መንገድ ላይ 2 ሜትር ጥሩ ነው። ሰው በሚጋፋበት የለገሃር ፌርማታ በ2 ሜትር ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ያለማቋረጥ የሚጮኸውን ደግሞ ጆሮ መስማት ይተዋል፤ እዚያ 1.2 ሜትር ይበቃል። በሰከንድ 1 ሜትር ለሚሄድ ሰው ከአንድ ሰከንድ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ነው፣ ለመቆም ይበቃል። ሁለቱን ርቀት የሚቀያይር ቁልፍ የሌለውን ዕቃ አይቀበሉ።

ለሚያሠሩ ሰዎች ጥቂት ስህተቶች፦ ፓወር ባንኩ በራሱ ይጠፋል፣ ሴንሰሩና አርዱዪኖው (ሴንሰሩን የሚያዝዘው ትንሽ ሰሌዳ) የሚወስዱት ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ስለሆነ «ምንም አልተሰካም» ብሎ ስለሚያስብ ነው፤ ለትንንሽ ዕቃዎች የተለየ ሞድ ያለውን ይግዙ። የንዝረት ሞተር በቀጥታ አርዱዪኖ እግር ላይ ከተሰካ እግሩ ይቃጠላል፣ መሀል ትራንዚስተር ያስፈልጋል። ሁለት ሴንሰር ካለ በተራ ይላኩ፣ በመሀልም ቢያንስ 60 ሚሊ ሰከንድ ይቆዩ፤ አለበለዚያ አንዱ የሌላውን ማሚቶ ይሰማል። የሴንሰሩ ዓይኖች ክፍት ወንፊት ስለሆኑ በሐምሌ ዝናብ አይቆዩም። ውሃ የማይገባው ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ለክረምት ይሻላል፣ ከ20 ወይም ከ25 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ የቀረበውን ነገር ግን አያይም። በዚህ ሥራ ላይ ያ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም በነጠላ ጫፍ መጮኹ ይቀራል።

ካሜራ ያላቸው

ኦርካም ማይአይ መነጽር ላይ ይለጠፋል፣ ጽሑፍ ያነባል፤ እንቅፋት ለመለየት አልተሠራም፣ ለመንገድ ብሎ የገዛው ይቆጨዋል። ሬይባን ሜታ መነጽር ክፍት ስፒከሩ ጥሩ ነው፣ ጥያቄ የሚመልሰው ክፍል ግን ኢንተርኔት ይሻል፣ በአገርና በቋንቋም ይገደባል፤ እዚሁ በእርስዎ ሲም ካርድ ሳይሞከር አይገዛ። ትከሻ ላይ የሚደረገው የስዊዘርላንዱ ኖዋ ካሜራዎቹ እንቅፋቱን አይተው በአቅጣጫ ድምፅ ይነግራሉ። በሐሳብ ደረጃ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ወደ አንድ ኪሎ መጠጋቱንና ሲበላሽ የሚላክበትን አገር ግን ያስቡ። ምስልን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ዘ ቮይስ በነፃ አንድሮይድ ላይ አለ፤ ምስሉን ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ ሰከንድ ይጠርጋል፣ ከፍታ በቅጥነት፣ ብርሃን በጉልበት ይሰማል። ድንቅ ነገር ነው፤ ወራት ይፈጃል፣ ጆሮንም ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ቤት ውስጥ ይለማመዱት፣ ቸርችል ላይ አይሞክሩት።

ለማን የቱ

በትሩን ገና እየተማረ ላለ፣ በተለይ ዓይኑን በቅርቡ ላጣ ሰው፣ ምንም እንዳይገዛ እንመክራለን፣ ቢያንስ የዘወትር መንገዱን ሦስት አራት ጊዜ ያለ ሰው እስኪሄድ። ማሚቶ መስማት የሚለመደው ጆሮ ሲራብ ነው። በደንብ የሚሄድ ግን አዲስ ሰፈር የሚቸግረው፦ በአጥንት የሚያሰማ ሄድፎንና ኦስምአንድ፣ አይፎን ካለ ክፍት ማዳመጫና ቮይስቪስታ። ግንባሩ ጠባሳ የማያጣ፦ የደረት ሴንሰር፣ በንዝረት። ከሁለቱም ጆሮ የሚሰማው የቀነሰበት ሰው ድምፅ ያለውን ሁሉ ትቶ ወደ ንዝረት ይሂድ። ሲመሽ ብቻ የሚቸገር፣ ከፊል ዕይታ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥሩ የእጅ ባትሪና በትር ከሁሉ ይሻለዋል።

ከመክፈልዎ በፊት

ከሱቁ ውጭ ግድግዳ አጠገብ፣ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብለው ይቁሙ። በትሩን ንጣፉ ላይ ሁለቴ መታ መታ ያድርጉና ግድግዳውን ይስሙት። ከዚያ መሣሪያውን አድርገው፣ እንዲናገር አድርገው፣ ይድገሙት። ግድግዳው ከጠፋ ድምፁን ይቀንሱ፤ ቀንሰውም ከጠፋ ይመልሱት። ቀጥሎ ሰው ከኋላዎ በተራ ድምፅ ስምዎን ይጥራ፤ በየትኛው ትከሻ በኩል እንደሆነ ሳይዞሩ ይናገሩ። ሦስት ጊዜ ተጠርተው አንዴ ከሳቱ መኪናም እንዲሁ ይስታሉ። በመጨረሻ ብሉቱዙን አገናኝተው ግማሽ ደቂቃ ዝም ካሉ በኋላ ቶክባክ «አሥራ አምስት» እንዲል ያድርጉ። «አምስት» ከሰሙ ባለ ገመዱን ይግዙ።